ሱማትራን የሚበሉት ሰው

እዚህ ሱማትራ ደሴት ላይ፣ ፓዳንግ ከተማ ውስጥ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሁሉም ይሮጣል፤ በየሰፈሩ ግን ቁጭ ብሎ መጠኑን የሚለካልን አንድ ሊቅ አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ሱታን ፓሊንዲህ ናቸው። ሱታን ስላልኩ ንጉሥ እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ ያገባ ወንድ ሁሉ ማዕረግ ይሰጠዋል። ያገቡት ደግሞ የእኔን እህት ነው። በወጋችን ወንድ ሚስቱ ቤት ስለሚገባ፣ እኔ ሚስቴ ዘንድ እኖራለሁ፤ እሳቸው እናቴ ቤት ተንደላቀዋል።

ሻይ ቤቱ ሲነቃነቅ እኛ በሩ ላይ እንጋፋለን፤ እሳቸው ብርጭቋቸውን ዓይናቸው ድረስ አንስተው የሻዩን መናወጥ ያያሉ። "አትንጫጩ! አምስት ነጥብ ሁለት!" ሬዲዮው ስድስት ካለ፣ "የእነሱ መሣሪያ ሩቅ ነው" ይላሉ።

ከዚያ ትምህርት ይጀመራል። ከእኔ ሳህን ሁለት የካሳቫ ቺፕስ ያነሳሉ። "ይሄ የባሕሩ ወለል፣ ይቺ ሱማትራ። እሱ ከሥሯ ይገባል፣ እሷ ትታጠፋለች፣ ትታጠፋለች... ቀጭ!" ሁለቱንም ይበሏቸዋል። ስንት ዓመት ደሴታችንን ከሳህኔ በሏት!

"ሱታን፣ ትልቁ የመጣ ቀንስ? እናቴ እንደሆነ እግሯ አይታዘዛትም" አልኳቸው አንዴ።

"እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል?"

የሚያሳስበኝማ እሱ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ትልቁ መጣ። ቆሞ መሄድ አልተቻለም። ጋብ ሲል ወደ እናቴ ቤት በረርኩ፤ እህቴ ገበያ ነበረች። ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ሻይ ተደፍቷል፣ ሰው የለም። "ይሄ ሰውዬ እየለካ እናቴን አስፈጃት!" አንቱታውም ጠፋኝ። ባሕሩ ይከተላል ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ሲሮጥ፣ እኔም እየተሳደብኩ ተከተልኩ።

እናቴ እዚያ ነበረች፣ ሱታን ጀርባ ላይ። አማች ከአማቱ ፊት ለፊት መቀመጥ በሚያፍርበት አገር፣ ሰውዬው በባዶ እግራቸው እንደ ሕፃን አዝለዋታል።

"አውርደኝ እንጂ፣ ሰው ያየናል!" ትላለች።

"ባሕሩ ሳይረጋ አላወርድዎትም፣ እማማ።"

"ስንት ነበር፣ ሱታን?" አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

"እኔ ምን አውቄ! የሚንቀጠቀጠው መሬቱ ይሁን ጉልበቴ በምን ልለየው?"

ባሕሩ አልመጣም። በማግስቱ ሻይ ቤት አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ መጠኑን አለማወቃቸው ሰፈሩን ሁሉ አስቆ ነበር። ሳህኔን ገፋ አደረግኩላቸው።

"እስቲ ያስተምሩን።"

ቀና አሉ። "ይቺ ሱማትራ..." ብለው ጀመሩ፣ ከዚያ በሏት።

ይብሏት።