በብሩሽ የተለካ መሬት

ሥዕል ሲስሉ ከጀርባዎ ሰው ቆሞብዎት ያውቃል? ካላወቁ ሆሳዕና ከተማ ይምጡ፤ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ብዙው «ላም ጨምሪበት!» ብሎ ያልፋል። የማያልፍም አለ።

ቅዳሜ ዕለት ለትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን የሚሆን ትንሽ የውሃ ቀለም ሥዕል ልሠራ ከከተማው ወጥቼ ከአንድ የእንሰት ማሳ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ብሩሼን ዘርግቼ የጎጆውን ቁመት ስለካ፣ ዱላ ያነሱ ሽማግሌ ከኋላዬ ደረሱ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ አባባ። አስተማሪ ነኝ፤ ሥዕል ነው።»

«ስትለኪ አየሁሽ እኮ! በቀላድ ለክተው ግብር የጨመሩብንም እንዲሁ አንድ ዓይን ጨፍነው ነበር።»

ምን ይመለሳል? «ለውበት ነው የለካሁት» ይባላል? ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወረቀቱን መረመሩ። ማሳቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ።

«የኔ መሬት ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት፣ አባባ።»

«ጥሩ ለክተሻል። በይ ፈርሚበት።»

ሠዓሊ መቼም በሥዕሉ ላይ ይፈርማል፤ ፈረምኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ።

ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። እኔ ግን ያ ሥዕል ከነፊርማዬ ግብር ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ እየታየኝ፣ ሌላ መጀመር አቃተኝ።