የሦስተኛው መስመር ፊርማ

አንድ ሰው በገዛ ሆዱ ጉዳይ ለመወሰን ስንት ፊርማ ያስፈልገዋል? ጥያቄው ከባድ ስለሆነ፣ ጉዳዩም ገና በመታየት ላይ ስለሚገኝ፣ ለጊዜው መልስ መስጠት አይቻልም። አንባቢ ይታገሥ፤ ማኅደርም አሥራ ሁለት ዓመት ታግሣለች።

ማኅደር ማን እንደሆነች በሱዳኗ ገዳሪፍ የሚኖር ሐበሻ በሚገባ ያውቃል፤ የማያውቅ ቢኖር ራሷ ትነግረዋለች። ሄልሲንኪ ድረስ ሄዳ፣ አምስት ዓመት በረዶ ስትረግጥ ከርማ፣ «ባልተሟላ መረጃ ፈጥኖ መወሰን» በሚል ርእስ ሁለት መቶ ዐሥር ገጽ ጽፋ በማዕረግ ተመርቃለች። ርእሱን ለመምረጥ ብቻ ዓመት ከመንፈቅ መፍጀቱ የጥናቱን ጥልቀት ያስረዳል። ከዚያም አገሬን ላገልግል ብላ ተመለሰች። የትኛው አገሯ እንደሆነ ገና ስላልወሰነች፣ እስከዚያው ባደገችበት በገዳሪፍ ሆና ለስደተኛ ካምፕ ሠራተኞች የፈጣን ውሳኔ ሥልጠና ትሰጣለች።

ይህች ባለሙያ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሦስት ቀን ሆዷን እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚጨምቅ ሕመም ነበረባት። ታመመች ማለት ግን ክብሯን መንካት ይሆናል፤ ሕመሙን አስተዳደረችው ቢባል ይሻላል። በመሥሪያ ቤቷ መዝገብ ሦስቱ ቀናት «የመስክ ሥራ» ተብለው ይሞላሉ። መስኩ የአክስቷ የእትዬ ደብሪቱ ቤት የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ይቀዘቅዛልና በሆዷ ትተኛበታለች።

ስለ ሕመሙ ሳይንስና ባህል ፍጹም ተስማምተው ነበር። የሄልሲንኪው ሐኪም ውጥረት ነው ብሎ ክኒን ሰጣት፤ እትዬ ደብሪቱ ምች ነው ብለው ከመተማ ባስመጡት ዳማከሴ አሿት። ሁለቱም በመጨረሻ ያሏት አንድ ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል።

ስምምነቱን ያፈረሰችው ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት የማህፀን ሐኪም፣ ዶክተር ዘሐራ ናት። በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ማኅደርን ለግማሽ ሰዓት ከመረመረቻት በኋላ፣ የማህፀኗ ሽፋን ከማህፀን ውጭ ወጥቶ መስፈሩን፣ በየወሩም አገር ቤት ያለ ይመስል በሰፈረበት እንደሚደማ ነገረቻት። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ከቤቱ ርቆ፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሳይኖረው ተቀምጦ፣ በአገሩ ካሌንደር የሚደማ ነገር ለማኅደር እንግዳ አልሆነባትም።

«ማክሰኞ ቀዶ ጥገናውን እሠራልሻለሁ» አለች ዶክተሯ። «ላንቺ ስል ሁለት ቀን ቆይቼ፣ ኀሙስ ወደ ፖርት ሱዳን እሄዳለሁ። እሺ ካላልሽኝ ግን ማክሰኞ ንጋት ላይ መኪና አለ። ከእኔ በኋላ እዚህ ይህን የሚሠራ የለም። ሰኞ እስከ ምሽት ንገሪኝ፤ ከዚያ ኸላስ።»

አንድ ቅጽም ሰጠቻት። ሦስት መስመር አለው፤ በመጀመሪያው ወሊ፣ ማለትም ኃላፊ የሚሆን ወንድ ዘመድ፣ በሁለተኛው ምስክር፣ በሦስተኛው ታማሚዋ ይፈርማሉ።

ማኅደር ቅጹን አይታ በጣም ተቆጣች። ቁጣው ውስጥ ትንሽ እፎይታ ነበረበት፤ ይህንንም ቁጣው ሸፈነላት። አንዲት የተማረች ሴት ለገዛ ሰውነቷ የወንድ ፈቃድ መጠየቋ አሳፋሪ መሆኑን ለእትዬ ደብሪቱ ሩብ ሰዓት ያህል ንግግር አደረገች። ያባቷን ሞት ጠቅሳ፣ ወንድም እንደሌላት ጠቅሳ፣ ይህ ኋላ ቀር ማኅበረሰብ ከመዳን እንደከለከላት አረጋገጠች። እትዬ ሽንኩርታቸውን ከትፈው ጨረሱና፣ ዘመድ ለሌለው ዘመዱ ዕድሩ ነው፣ ሊቀመንበሩን ጠይቂ አሏት።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ጋረደው የዕድሩን ድንኳን ቀለም ለመምረጥ አራት ወር ስብሰባ የመሩ ሰው ናቸው። ማኅደር ከእሳቸው ዘንድ የጠበቀችው ቢያንስ አንድ ኮሚቴና ሁለት ቀጠሮ ነው። ይህ ቢሆን ኖሮ የዘገየችው በእነሱ እንጂ በራሷ አይሆንም ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አደረጉ።

«የት ላይ ነው የምፈርመው?»

«ጋሼ፣ ስብሰባ አይጠራም?»

«ለምኑ?»

«ከባድ ጉዳይ ነው እኮ። ቀዶ ጥገና ነው።»

«ታዲያ እኛ ነን የምንቀድድሽ?» ብለው ፈረሙ፤ ማኅተምም ሁለት ጊዜ መቱበት።

በምስክርነት እትዬ ደብሪቱ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አሳረፉ። ማኅደር ተስፋ ሳትቆርጥ፣ መውለድ የማልችል ብሆንስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አንች» አሉ፣ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ወለሉን ጠዋት ጠዋት የማጥበው ለምን ይመስልሻል? እንዲቀዘቅዝልሽ ነው። ፈረንጅ አገር የከረምሽበት ሲቀር፣ ሰባት ዓመት አጠብሁ። የሚወለደውን ልጅ አላውቀውም፤ አንችን አውቅሻለሁ።»

እንዲህ ኋላ ቀሩ ማኅበረሰብ በአንድ ከሰዓት ሥራውን ጨረሰ። የቀረው የዘመናዊው ክፍል ድርሻ፣ ሦስተኛው መስመር ነበር።

ማኅደር ሠንጠረዥ አዘጋጀች። በግራ የመሠራት ጥቅም፣ በቀኝ ጉዳት፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጠች። ቅዳሜ መሠራት ስለመራ፣ ሚዛናዊ ለመሆን በቀኝ በኩል «ጸጸት» የሚል ረድፍ ጨመረች፤ እኩል ወጡ። እሑድ ለዶክተሯ ዐሥራ ሰባት ጥያቄ ላከች። ተመልሶ ይመጣል ወይ? ሊመጣ ይችላል። መውለድ እችላለሁ? ምናልባት። ሕመሙ ይቀንሳል? ለብዙዎች ይቀንሳል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? ለዚህ ዶክተሯ ረዘም ያለ መልስ ሰጠች፦ «እፈርማለሁ። ግን እኔ አንቺ አይደለሁም።» ማኅደር መረጃው ያልተሟላ ሆኖ አገኘችው።

ሰኞ ጠዋት ከሾዋክ ለመጡ ሠልጣኞች «ዝግጁነት ማለት» እያለች ስታስተምር ሕመሙ ያለ ቀጠሮ መጣ። ማብራሪያዋን ሳትጨርስ ተንበርክካ፣ ከዚያም በሆዷ ተኛች። እዚያ ወለል ላይ፣ ያለ ሠንጠረዥ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ወሰነች። ሠልጣኞቹ ተግባራዊ ልምምድ መስሏቸው በደብተራቸው መዘገቡ፤ አንደኛውም ተከትሏት ተኛ።

በባጃጅ ቤት አደረሷት። ሦስተኛው መስመር ላይ ፈረመች።

«በይ፣ እሺ በያት» አሉ እትዬ፣ ስልኳን እያቀበሉ።

«ዝም ብሎ እሺ አይባልም፣ እትዬ። ሦስት ቀን አቆይቻታለሁ፤ ምክንያቱን ማስረዳት አለብኝ።»

አስረዳች። መግቢያ ጻፈች፣ መግቢያውን አሳጠረች፣ ይቅርታውን ከፍ አድርጋ ዝቅ አደረገች። «ወስኛለሁ» የሚለው ቃል ትዕቢት ስለመሰላት «ከውሳኔ ላይ ደርሻለሁ» አለችው፤ ይህም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስለመሰላት መለሰችው። ምሽቱ እንዳለፈ ያወቀችው ካለፈ በኋላ ነው። መልእክቱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የንጋቱ መኪና ከሄደ በኋላ፣ በስድስት አንቀጽ፣ አንዲት ስሕተት ሳትኖርበት ተላከ።

እትዬ ደብሪቱ አጠገቧ ቁጭ ብለው ስልኩን አዩት። ማንበብ አይችሉም።

«አየችው?»

«አንድ ምልክት ነው የሚያሳየው። አልደረሳትም።»

«እሺ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ማኅደር በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው፤ ደግማ ገፋችው።

«ከታች ነው» አለች።

ሁለተኛ ምልክት እስከ ዛሬ አልወጣም። ቅጹ ግን እንከን የለበትም፤ ሦስቱም መስመሮች ተሞልተዋል። የመስክ ሥራውም በየወሩ፣ በዕቅዱ መሠረት፣ እንደቀጠለ ነው።