የክብር እንግዳው ወንበር

(የመናፈሻው መሀል። ሦስት ፎቅ የሚያህል፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ማንኪያ ሆድ የጎደጎደ የብረት ሐውልት ቆሟል። ነገ ቀትር ላይ ይመረቃል። ሐውልቱን ለጎብኚ የሚያብራሩት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ሊቁ» የሚላቸው ሰውዬ አዲስ ኮታቸውን ለብሰው፣ የነገውን ንግግር በእጃቸው ይዘው መጥተዋል። ንግግሩ ካማረ የክፍል ኃላፊነቱ እንደማያመልጣቸው ሹክ ተብሏቸዋል። ሐውልቱን በየቀኑ የሚወለውለው ሠራተኛ ባልዲውን አስቀምጦ አንድ ወንበር ይጎትታል። ልክ ቀትር ነው።)

ሊቁ፦ መልሰው አልኩህ!

ወልዋዩ፦ ጋሼ፣ ሦስት እርምጃ ብቻ እኮ ነው ፈቀቅ ያደረግኩት።

ሊቁ፦ ለአንተ ሦስት እርምጃ ነው፤ ለክብር እንግዳው ግን ከሥልጣን መውረድ ነው! የሚቀመጡት እዚያ፣ የሐውልቱ ነጸብራቅ የሚያርፍበት ላይ ነው።

ወልዋዩ፦ እዚያማ ያቃጥላል።

ሊቁ፦ ጎሽ! ለካ አንተም ገብቶሃል። አዎ፣ ጥበብ ያቃጥላል፤ ያንገበግባል!

ወልዋዩ፦ ኧረ ሣሩንም አንገብግቦታል። ይኸው ከሰል መስሏል።

ሊቁ፦ (እየጻፉ) «ሣሩ እንኳ በስሜት ነደደ።» ግሩም! ይህችንማ ንግግሬ ውስጥ እከታታለሁ።

ወልዋዩ፦ ትናንት በዚህ ሰዓት አንዲት እርግብ አርፋበት ነበር።

ሊቁ፦ የሰላም ምልክት!

ወልዋዩ፦ አንዴ ዘለለች፣ ሁለቴ ዘለለች፣ ከዚያ እየጮኸች ጠፋች።

ሊቁ፦ ሰላም ሲበዛ እንዲህ ያስፈነድቃል።

ወልዋዩ፦ ጭራዋ ጨሶ ነው እንጂ።

ሊቁ፦ የአንተ ችግር ምን መሰለህ? የምታየው የሚታየውን ብቻ ነው። እስቲ ሐውልቱን እየው። ምን ይታይሃል?

ወልዋዩ፦ እርስዎ። ተገልብጠው።

ሊቁ፦ ተገልብጬ?

ወልዋዩ፦ እግርዎ ወደ ላይ፣ ራስዎ ወደ ታች።

ሊቁ፦ እሱ ዕድገትን ነው የሚያሳየው። ታች የነበረው ወደ ላይ ይወጣል!

ወልዋዩ፦ ላይ የነበረውስ?

ሊቁ፦ (ግራ ቀኝ አይተው) እሱን ጮክ ብለህ አትጠይቅ።

(ወንበሩን ነጥቀው ራሳቸው ይጎትቱትና የጠቆረው ሣር ላይ አስቀምጠው ጉብ ይላሉ።)

ሊቁ፦ እንለማመድ። እኔ የክብር እንግዳው ነኝ፣ አንተ ሕዝብ ነህ። አጨብጭብ።

ወልዋዩ፦ ጋሼ ይነሱ፣ ኮትዎ...

ሊቁ፦ ኮቴ እንዳማረብኝ አውቃለሁ። ሕዝብ አይናገርም፤ ያጨበጭባል!

(ወልዋዩ እያመነታ ያጨበጭባል።)

ሊቁ፦ (ወረቀቱን ዘርግተው) «ክቡራትና ክቡራን፤ እዚህ ስቀመጥ ከጀርባዬ አንዳች ሙቀት ይሰማኛል። ይህ የሕዝብ ፍቅር ሙቀት ነው...»

ወልዋዩ፦ ጋሼ፣ እየጨሱ ነው!

ሊቁ፦ ምን አጨሳለሁ! ሲጋራ ከተውኩ ስድስት ዓመቴ።

ወልዋዩ፦ እያጨሱ አላልኩም፤ እየጨሱ ነው ያልኩት!

ሊቁ፦ መጀመሪያ ሰዋስውህን አስተካ... ኡኡ! ኡኡ!

(ወረቀቱ ቦግ ይላል። ወልዋዩ ባልዲውን አንስቶ ከነሳሙናው ይደፋባቸዋል። ሊቁ ከወንበሩ ተፈናጥረው መሬት ላይ ይዘረራሉ። ከትከሻቸው እንፋሎት ይወጣል።)

ሊቁ፦ (አረፋውን ከዓይናቸው እየጠረጉ፣ በቀስታ) ያቃጥላል ያልከው... የእውነትህን ነው እንዴ?

ወልዋዩ፦ ሌላ ዓይነት ማቃጠል አላውቅም ጋሼ።

ሊቁ፦ ወይኔ ጉዴ! ነገ በዚህ ሰዓት ትልቁን ሰውዬ እዚህ ልጠብሳቸው ነበር! ንገረኝ ወንድሜ፣ የት ላስቀምጣቸው? መቼም አንተ ታውቃለህ።

ወልዋዩ፦ እኔ ምን አውቄ! የማውቀው ቀትር ሲሆን ጥላ ውስጥ መግባት ብቻ ነው። (አጠገባቸው ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፈቀቅ ይላል) ይምጡ፣ ይጠጉ፤ ለአንድ ሊቅ የሚሆን ቦታ አይጠፋም።