ለዐሥራ ዘጠኝ ተካፍሎ የተረፈው

ትልቅ ቁጥር ስታካፍሉ ዓይናችሁ ያለው ድርሻው ላይ ነው፤ ትራፊውን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። የመንዝ ሊቃውንት ግን እንዲያ አይደሉም። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት ለአራት፣ ለሰባት፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ያካፍሉና ድርሻውን እንደ ገለባ ይጥሉታል። የሚፈልጉት ትራፊውን ነው። ከአራቱ የሚተርፈው ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የሉቃስ ይነግራቸዋል፤ ከዐሥራ ዘጠኙ የሚተርፈው ደግሞ፣ አንድ ተቀንሶለት፣ ጾም የሚገባበትን ቀን ያመጣል። እኔም ሚስት ለማግባት የተንጠለጠልኩት በዚህችው ትራፊ ላይ ነበር።

፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ሊገባ ሲል፣ ጳጉሜን ላይ፣ አባቴና የእጮኛዬ የአስካለ አባት አቶ ኃይሉ ዋስ ጠርተው ተማማሉ። ሠርጉ ከነነዌ ጾም በፊት ባለችው የመጨረሻ እሑድ ይሁን ተባለ። ቀኗን እንዲያወጡ የአስካለ አጎት አለቃ ጽጌ ተጠየቁ። አለቃ በዚህ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ተሳስተው አያውቁም፤ ይህንንም ከማንም አይደብቁም። መጪውን ዓመት፣ ሰባት ሺህ አራት መቶ ኀምሳ አምስትን፣ ለዐሥራ ዘጠኝ አካፈሉት፤ ሰባት ተረፈ። ደንቡ ለያዝነው ዘመን አንድ ቀንስ ይላል። አለቃ ግን ተፈላሰፉ። ዘመኑን ገና አልያዝነው፣ ምኑን እቀንሳለሁ ብለው ሰባቷን እንዳለች ያዟት። በዚያው ስሌት ነነዌን የካቲት ዐሥራ ስምንት አደረሷት። ሠርጋችንም የካቲት ዐሥራ ሰባት ሆነ።

የዘመን መለወጫ ዕለት መሪጌታው በቤተ ክርስቲያን ያወጁት ግን ሌላ ነው። ነነዌ ጥር ሃያ ሰባት ሰኞ፣ ዐቢይ ጾም የካቲት ዐሥራ አንድ። ሠርጌ ዐቢይ ጾም ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ታዲያ ቀኑን መለወጥ ምን ይቸግራል ትሉ ይሆናል። መንዝን አታውቁትማ። ቀድሞ «ይለወጥ» ያለ ሰው መሐላ አፍራሽ ነው። አባቴ አቶ ኃይሉ ይናገሩ ብለው ዝም አሉ፤ አቶ ኃይሉም አባቴን እየጠበቁ ዝም አሉ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ። በዚህ መሀል ከዘመሮ ብዙ በግ ያለው ሌላ ጠያቂ ብቅ ብሏል ሲባል ሰማሁ። አስካለን እወዳት ስለነበር እህል አልወርድ አለኝ።

ከገና በኋላ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀመጡ። ሁለቱ አባቶች ስለ ገብሱም፣ ስለ ጓሳ ሣርም በሰፊው ተጨዋወቱ፤ ስለ ሠርጉ ትንፍሽ ያለ የለም። በመጨረሻ አለቃ ጽጌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«የማላችሁት ሠርጉ በነነዌ ዋዜማ እንዲሆን ነው፤ መሐላችሁ እንዳለ ነው። የካቲትን ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ። አንድ መቀነስ ነበረብኝ፣ አልቀነስኩም» አሉ።

እኔም አዘንኩላቸው፣ ደስም አለኝ። ሠርጉ ወደ ጥር ሃያ ስድስት እሑድ ዞረ፤ የዘመሮው ሰውዬም በጎቹን ይዞ ቀረ።

ከደስታዬ ብዛት ግን እኔም አንድ ነገር ሳላሰላ ቀርቻለሁ። እሑድ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ አስካለን በበቅሎ አስቀምጬ ከአማቶቼ ደጅ ስነሣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ የቤታችን መንገድ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ሳንደርስ ይነጋል። ሲነጋ ነነዌ ነው። በነነዌ እንኳን ሙሽሮች፣ ልጅ የወለዱ ባልና ሚስትም መኝታ ይለያሉ። ነገሩ የገባኝ ገና እርካቡን ስረግጥ ነው። ሊመርቁኝ የቀረቡት አለቃ ፊቴን አይተው ሁሉንም ተረዱ።

«አይዞህ ልጄ፣ ሦስት ቀን ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ዮናስም በዓሣ ሆድ ውስጥ ችሎታል።»