ጉልበት የማቃናት አዋጅ

ውሃ ከውጭ የከበባት፣ ውሃ በውስጧ የሞላባት፣ በሁለቱ ውሃዎች መካከልም በኩራት የምትኖር አንዲት አገር ነበረች። ስሟን መጥራት ደግ አይደለም፤ ጆሮ አላት። ይህች አገር ከሌሎች የምትለየው በግንቧ ነው። ግንቧ የድንጋይ አይደለም፣ የጭቃም አይደለም፣ የሰው ነው፤ ያውም ከስብ ነገድ የተወለደ ሰው። የዚህን ነገድ ልጆች ፈጣሪ ምን አስቦ እንደሠራቸው እሱ ይወቅ እንጂ፣ ጭንቅላታቸው ውሃ ሲወድ ሁለት እግሮቻቸው ግን ውሃ አያሳየን ይላሉ። ስለዚህ የጥንት አባቶች መላ ዘየዱ። በሁለት ረድፍ ተጋደሙና አንዱ ረድፍ ጭንቅላቱን ወደ ውጩ ባሕር፣ ሌላው ወደ ውስጡ ባሕር አድርጎ፣ እግሮቻቸውን በመካከል አጋጥመው በደረቁ አኖሯቸው። ግንብ የተባለው ይኸው ነው። ምግብ ከውጭ የሚገባው፣ ጥራጊም ከውስጥ የሚወጣው በሰዎቹ መካከል በተሰኩት በሮች ነበር።

ከዚሁ ነገድ ጭንቅላት ሳይፈጠርላቸው ሦስት እግር ብቻ ይዘው የተወለዱም ነበሩ። እነሱ ለክፉ ቀን ስንቅ ይሁኑ ተብለው ጎተራ ውስጥ ተኝተው ይወፍራሉ። ጭንቅላት ስለሌላቸውና ሥራቸው መተኛት ስለሆነ መኳንንት ይባላሉ።

ጠናጋሻው በውስጠኛው ረድፍ፣ ከዋናው በር አጠገብ የተጋደመ የግንብ ሰው ነው። ቀኝ እግሩ እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው፤ ግራው ግን ከጉልበቱ ላይ ታጠፍ ብሏል። እናቱም እንዲሁ ነበረች፤ ከግንቡ ሰው እኩሌታውም እንዲሁ ነው። ይህች የታጠፈች ጉልበት ቦታ ትይዛለች፤ ቦታ ስለምትይዝም ጎረቤት ከጎረቤቱ ተጣብቆ አይቀርም፣ ሰው እንደ ልቡ ይገላበጣል፣ በሩም ሳይንቋቋ ይከፈታል። ጠናጋሻው ታዲያ ከዚህች ጉልበት ሌላ የሚወደው ሀብት አልነበረውም።

ከጎኑ የተሸጎጡት እትዬ ማንጠግቦሽ አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ ሴት ናቸው። ሙቀት በዝቶ ሰው ሲቅበጠበጥ ያረጋጋሉ፤ ብርድ መጥቶ ሰው እቅፍቅፍ ሲል ደግሞ መሀል ገብተው ያላቅቃሉ። ምን ዋጋ አለው፣ በአገሩ ስማቸው ክፉኛ ጠፍቷል፤ የልብ ጠላት ናቸው እየተባሉ ይታማሉ። እሳቸው ግን፣ "የሚያሙኝ እኔኑ ተደግፈው ነው፤ ይመቻቸው!" እያሉ ይስቃሉ።

ንጉሡ በአገሪቱ መካከል፣ በድርብ መጋረጃ ውስጥ ተቀምጠው የአባቶቻቸውን ጥቅልል ብራና ሲያነቡ የሚውሉ፣ ግንባቸውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ንጉሥ ነበሩ። አንድ ቀን አንድ ሠዓሊ የግንቡን ሥዕል ሥሎ አቀረበላቸው። ቢያዩት የግማሹ ሰው ጉልበት ታጥፏል።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ። "ወልጋዳ! የእኔ ግንብ ወልጋዳ?"

ሠዓሊው ደንግጦ፣ "ግርማዊ ሆይ፣ እግራቸው እኮ ውስጥ ለውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም" አለ።

"እኔ አየሁት!" አሉ ንጉሡ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ወዲያው የማቃናት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ሊቀ ማቃናት የሚባል ሹም ተሾመ፤ አንድ መለኪያ ገመድና አርባ ወጌሻም ተሰጠው። ወጌሻዎቹ በታጠፈው ጉልበት ግራና ቀኝ ሁለት ቁራጭ እንጨት ያስሩና ቀጥ ያደርጉታል። ሹሙ ምርመራውን ከዋናው በር ጀመረ። ጠናጋሻው ዘንድ ሲደርስ እጁን ወደ ግንቡ ሰዶ ዳበሰው።

"ታጥፏል" አለ።

"አዎ ጌታዬ፣ ስወለድም እንዲሁ ነበር።"

"አታፍርም?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ይስሙኝ! ይቺ ጉልበት እኮ የብርድ መድኃኒት ናት። ሁላችንም ቀጥ ካልን አንዳችን ባንዳችን ላይ እንለጠፋለን፤ ብርድ ሲመጣ እንደ ቅቤ እንረጋለን። ከረጋን በሩን ማን ይከፍተዋል?"

ሊቀ ማቃናት መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። "ብርድ በዘንድሮው ዕቅድ ውስጥ የለም" አለ።

"ዕቅዱ ውስጥ ባይኖርም ይመጣል እኮ ጌታዬ።"

"ሳይታቀድ የሚመጣ ብርድ ሕገ ወጥ ነው፤ እኛን አይመለከትም። ለማንኛውም ማቃናቱ ከወዲያኛው ዳር ይጀመራል፤ የአንተ ተራ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ጉልበትህን ምከረው።"

ሹሙ ሲሄድ ጠናጋሻው እንባው መጣ። "እትዬ፣ ጉልበቴን ሊወስዱብኝ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ስገላበጥ ኖሬ እንደ ግንድ ተጋድሜ ልቅር?"

"አይዞህ፣ የኔ ወንድም። ሹም የጀመረውን ሲጨርስ የት አይተህ ታውቃለህ?" አሉት እትዬ ማንጠግቦሽ።

ሊቀ ማቃናት ግን አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት፤ ይጨርሳል። ጉልበት ሁሉ ተቃንቶ የቀረው የጠናጋሻው ብቻ ሲሆን፣ ብርዱ ያለ ዕቅድ መጣ። ቀጥ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተለጥፎ ረጋ፤ ግንቡ ድርቅ አለ፤ በሮቹም ንቅንቅ አንልም አሉ። ስኳር የጫነው ቅፍለት ውጭ ተሰልፎ ቀረ፤ ጥራጊውም ውስጥ ተከመረ። አዋጅ ነጋሪው፣ "የምሥራች! ከእንግዲህ ጠላት ዝር አይልብንም!" እያለ ለፈፈ። እውነቱን ነው፤ ምሳም ዝር አላለም። መኳንንቱ ከጎተራ አንድ በአንድ እየተቀሰቀሱ ለምድጃ ቀረቡ፤ በዕድሜያቸው ሥራ የሠሩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እነሱም ሲያልቁ ንጉሡ ራባቸው።

ከግንቡ ሁሉ ያልረጋችው በጠናጋሻው ጉልበትና በእትዬ ማንጠግቦሽ ዳሌ መካከል ያለችው ቦታ ብቻ ነበረች።

"እትዬ፣ ወገብዎን ትንሽ ሰብሰብ!" አለ ጠናጋሻው።

"ሰበሰብኩልህ! አንተም ጉልበትህን ወዝወዝ!"

ወዘወዘው። በሩ ሲጢጥ አለና በጠባቡ ተከፈተ። የስኳሩ ቅፍለት አንድ በአንድ እየተጋፋ ገባ። ጠናጋሻው ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ሳያርፍ ጉልበቱን ሲወዘውዝ ሰነበተ፤ አገር በላ፣ ንጉሡም በሉ።

ጠግበው ሲያበቁ፣ "ማነው ያበላን?" ብለው ባለሟሎቻቸውን ጠየቁ።

"አንዲት የታጠፈች ጉልበት ናት፣ ግርማዊ ሆይ።"

"እንግዲያው ጉልበት ሁሉ ይታጠፍ!"

የማቃናት ጽሕፈት ቤት በዚያው ዕለት የማጠፍ ጽሕፈት ቤት ተባለ። ሹሙ ያው ነው፣ ገመዱ ያው ነው፣ ወጌሻዎቹም ያው ናቸው፤ ሰሌዳው ብቻ ተቀየረ። የሰው ሁሉ እግር፣ ቀኝም ግራም ሳይል ታጠፈ፤ ለታጠፈለትም ባለ ማኅተም ወረቀት ተሰጠው። ጠናጋሻው፣ 'ተመስገን፣ ጉልበቴ ተረፈችልኝ' ብሎ ደስ ብሎት ሳለ ሹሙ መጣ።

"ወረቀትህን!"

"ወረቀት የለኝም ጌታዬ፤ ስወለድ የታጠፈ ነው። አገር ያበላው ጉልበት እኮ ይኸው ነው!"

"ማንን እንዳበላ አልጠየቅሁህም። ማን አጠፈው?"

"እግዜር ነዋ!"

ሹሙ መዝገቡን ገለጠ። "በዚህ ስም የተመዘገበ ወጌሻ የለንም። ያለ ፈቃድ የታጠፈ ጉልበት መጀመሪያ ይቃናል፤ ኋላ በደንቡ መሠረት ይታጠፋል።"

"የታጠፈውን ለምን ያቃኑታል ጌታዬ?"

"እንዲታጠፍ ነዋ! ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ?"

ሁለቱን ቁራጭ እንጨት አስረው አቃኑት። ጮኸ፣ ለመነ፣ አልቀረለትም። ሊያጥፉት ሲሉ ግን የወረቀቱ ማኅተም ተሰብሮ ተገኘ፤ ያለ ማኅተም ማጠፍ ደግሞ ወንጀል ነው። እንደተቃና ትተውት ሄዱ።

በዚህ መካከል ሰው ሁሉ ስለታጠፈ ግንቡ ወንፊት ሆነ፤ ጨዋማው የውጭ ውሃም ሰተት ብሎ ገባ። አዋጅ ነጋሪው፣ "የምሥራች! ጨው እቤታችሁ ድረስ መጣላችሁ!" አለ። ውሃው መጋረጃቸውን አልፎ ሲገባባቸው ንጉሡ፣ "ባሕሩ እጅ ሊነሣኝ መጣ" ብለው በታንኳ ተቀመጡና ግንባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጎበኙ ወጡ። እዚያው ለሹሙ ኒሻን አጠለቁለት። ሹሙም ደረቱን ነፍቶ ወደ ጠናጋሻው አመለከተ።

"ግርማዊ ሆይ፣ በአገርዎ ቀጥ ያለ እግር ይዞ የቀረው አንድ ሰው ይህ ነው። ያ ሁሉ ረሃብ የመጣብን እንዲህ ባሉት ምክንያት ነው።"

"ውይ! ውይ!" አለ ሕዝቡ።

እትዬ ማንጠግቦሽ አልቻሉም። "ኧረ ንጉሥ ሆይ፣ ያበላዎት እኮ እሱ ነው!" ብለው ጮኹ።

"ዝም በይ፣ አንቺ የልብ ጠላት!" አላቸው ሹሙ።

ንጉሡ ግን ቀኑ ኒሻን የሰጡበት የበዓል ቀን ስለሆነ ልባቸው ራርቶ ነበር። "ምሬዋለሁ" አሉ። "ብቻ ሹሙን ያመስግን።"

ጠናጋሻው እንደ ግንድ የቀረውን እግሩን ሊያነቃንቅ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ሊያለቅስ ፈልጎ ሳቅ አመለጠው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ" አለ። "እርስዎ ጉልበቴን ባያቃኑልኝ ኖሮ፣ ምሕረት የማገኝበት ወንጀል ከየት አመጣ ነበር?"

ሹሙ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ይህን የመሰለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም" አለና ቃል በቃል መዝገቡ ላይ አሰፈረው። ንጉሡ አጨበጨቡ፤ እልልታውም ቀለጠ።