ገጣባዋ ብስክሌት

እናንተን አላውቅም፤ እኔ ልቤ አልረጋ ሲል አንድ ነገር እለውጣለሁ። ሰው ቤት ይለውጣል፣ ሥራ ይለውጣል፣ ስልክ ይለውጣል። ምንም የሚለውጠው ቢያጣ የአልጋውን ራስጌ ወደ ግርጌ የሚያዞር ሰው አውቃለሁ። ለውጥ ዕረፍት ነው ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ግን ገና መለወጥ የጀመሩት ናቸው። የቆዩበትማ ለማውራት ጊዜ የላቸውም፤ ቀጣዩን ሊለውጡ ተነስተዋል።

እኔ ብስክሌት ለወጥኩ።

ንፋስ መውጫ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቀን ቀን ቢሮ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ከሪፖርት የተረፈኝን ቃል ለራሴ እጽፋለሁ። ብዙ አይተርፍም። ከሥራ ስወጣ እግሬ አርፎ መቀመጥ ስለማይችል በብስክሌት ከከተማው እወጣለሁ፤ አንድ ቀን ወደ ደብረ ታቦር፣ አንድ ቀን ወደ አርብ ገበያ፣ አንድ ቀን ወደማላውቀው። የት ነው ሲሉኝ «መጣሁ» እላለሁ። ሳይሄዱ መጣሁ ማለት የሚቻልበት ቋንቋ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው።

የመጀመሪያዋ ብስክሌቴ ሞላ ያላት ከፊት ብቻ ነበር። ኋላዋ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለችው ብስክሌት የመንገዱን ጥጋብ ለእጅህ አለዝባ፣ ለመቀመጫህ ግን እንዳለ ታስረክበዋለች። የጋይንት መንገድ ደግሞ የሚያስረክበው አያጣም፤ ጎርፍ ያጋለጠው ድንጋይ፣ ጭቃው ላይ ተረግጦ እዚያው የደረቀ የከብት ኮቴ፣ ማን እንደቆፈረው የማይታወቅ ቦይ። ወንበር ላይ ስቀመጥ እንኳ ወገቤ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ስለዚህ ሸጥኳት። ፊቷም ኋላዋም ሞላ ያላትን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኜ አስመጣሁ። የመጀመሪያውን ቁልቁለት ስወርድባት ድንጋዩን አየዋለሁ እንጂ አይሰማኝም። እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች እኔና መንገዱ ሳንነጋገር ተላለፍን።

ደስ አለኝ። ግማሽ ቀን ያህል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የአሮጌዋ ኋላ ላይ የዕቃ መጫኛ ነበረ፤ መጫኛው ደግሞ በስም የእኔ ይሁን እንጂ በተግባር የአከራዬ የአያ ደመላሽ ነበር። አያ ደመላሽ ሰባን ያለፉ፣ እርሻውን ለልጆቻቸው ትተው ከተማ የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ከእስቴ እስከ ስማዳ የተጣላ ሰው ስማቸውን ያውቃል፤ ያልታረቀ ደግሞ ይሸሻቸዋል። ጉልበታቸው ግን አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። በቅሎ ላይ ለመውጣት እግር መነሳት አለበት፤ የእሳቸው አይነሳም። የብስክሌቴ መጫኛ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጋቢያቸውን አጥፈው ያነጥፉና እንደ ወንበር ይቀመጡበታል። ባጃጅ በማይደፍረው መንገድ ሁሉ እንዲህ ሆነን ገብተናል።

አዲሷን ሲያዩ አንድ ጊዜ ዞሯት። ከዚያ መዳፋቸውን ኮርቻዋ ላይ አሳርፈው ጫን አሉ። ዝቅ አለች። ሲለቋት ተነሳች። ደግመው ጫኗት። ዝቅ አለች።

«መልሳት» አሉኝ። «ገጣባ ናት።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጀርባዋን በመዳፉ ይጫናል። ጤነኛዋ ችላ ትቆማለች። መዳፍ ሲያርፍባት ሸብረክ ካለች፣ ጭነት ጀርባዋን አቁስሎታል፤ ላዩ ጠጉር ለብሶ እንጂ ውስጡ አልሻረም። ገጣባ የምትባለው እሷ ናት። አያ ደመላሽ በዚህ ምርመራ በዕድሜያቸው አንድ ቀን ተሸውደው አያውቁም።

«አያ፣ እንድትለመጥ ሆና ነው እኮ የተሠራችው።»

«ሻጩ ነው እንዲህ ያለህ?»

«አዎ።»

«እህ» አሉ።

«መጫኛዋስ የታለ?»

«የላትም። ኋላዋ ስለሚንቀሳቀስ አይገጠምላትም።»

ያን ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። ነገሩን አውቀው ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። ወደ አርብ ገበያ ከሚወስደው መንገድ ታጥፎ ቁልቁል በሚወረድበት መንደር አስናቀና ባየ የሚባሉ ወንድማማቾች አሉ። አባታቸው የአያ ደመላሽ የልብ ወዳጅ ነበር፤ ሲሞትም «ልጆቼን አደራ» ብሏቸዋል። ልጆቹ ግን ወንዝ ዳር ባለች፣ ጥማድ በሬ ዞሮ በማይመለስባት ቁራሽ መሬት ተጣልተው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ይህ አልበቃ ብሎ የአባታቸውን ተዝካር ለየብቻ ሊያወጡ ሁለት ቤት ጠላ እየተጠመቀ ነው። አንድ ሙት፣ ሁለት ዳስ። ዘመድ በየትኛው በር ይግባ? ተዝካሩ በቀጣዩ ሳምንት ነው። የመጨረሻው ሽምግልና ደግሞ የፊታችን እሑድ።

«አደራ በላ ሆኜ ልቀር ነው» አሉ አያ ደመላሽ። የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ጉልበታቸውን ነበር።

ቅዳሜ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ዋልኩ። ስመለስ ብስክሌቷ ግቢው መሐል ቆማለች፤ አያ ደመላሽና የሰፈሩ በያጅ ሞገስ ግራና ቀኝ ቆመውላታል፤ ልክ እንደ ሙሽራ ሚዜዎች።

«ወንድሜ፣ ይቺ ምንም አልሆነችም» አለኝ ሞገስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አጥንቷን ረስተውት ነው እንጂ። አንድ ስንዝር ፌሮ ቆረጥኩ፤ ጫፍና ጫፉን ጠፍጥፌ በሳሁት፤ በራሷ ብሎን አሰርኩት። አለቀ። ከዚያ ወዲያ መጫኛው ምን ገዶት፣ ቁጭ አለ።»

«አሞርዛተሩስ?»

«ያ የሚለመጠው? በፌስታል አድርጌልሃለሁ።»

አያ ደመላሽ መዳፋቸውን ኮርቻዋ ላይ አሳርፈው በሙሉ ክብደታቸው ተጫኗት። ንቅንቅ የለም። «አሁን በቅሎ ሆነች» አሉ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። አዲሱ መጫኛ ላይ ጋቢያቸው ከወዲሁ ታጥፎ ተቀምጧል። አፌን ዘጋሁ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? በመላው ጋይንት ሞላ ያላት ብቸኛ ብስክሌት፣ በገዛ ግቢዬ፣ በደግነት ደረቀች።

እሑድ ወጣን። አሮጌዋ ደረቅ ነበረች፤ ይቺ ግን ቂመኛ ሆነች። አሮጌዋ የተሠራችው ደረቅ ሆና ስለሆነ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ይቺ መለመጥ ለምዳ ድንገት ፌሮ የዋጠች ስለሆነች እያንዳንዱን ድንጋይ እንደ ስድብ ነው የምትቀበለው። ከዋናው መንገድ ስንታጠፍ ጋቢው ከሥራቸው ተንሸራቶ ወጣ፤ ጫፉን ለቀም አደረጉት። ቆሜ ላነጥፍላቸው ስል አያ ደመላሽ «ንዳ፣ ንዳ፣ ሰው ይበተናል!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ጋቢውን አንጠልጥለው፣ ባዶ ብረት ላይ ተቀምጠው ቁልቁለቱን ወረዱ።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ!»

«ምን ላድርግ፣ እርስዎ ነዎት ያሳከሟት!»

«ዝም ብለህ ንዳ፣ ባለጌ!»

ደረስን። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። አስናቀ በአንደኛው ጫፍ፣ ባየ በሌላው፤ ሁለቱም የሚያዩት የተለያየ ተራራ ነው። አያ ደመላሽ ሲመጡ ሰው ሁሉ «ኖር! ኖር!» ብሎ ተነሳ። እሳቸውም «በእግዜር» አሉና የተለቀቀላቸውን ድንጋይ አዩ።

እኔ ድንጋዩን ሲያዩ ምን እንዳሰቡ አውቃለሁ። ያን ብረት ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አያ።»

«ደህና ነኝ።»

«ኧረ ይቀመጡ!»

እጃቸውን አወዛወዙ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ።

እዚህ አገር ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ አልቀመጥም ካለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ቃል ካልሰጣችሁኝ ቆሜ እቀራለሁ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ አቁሞ መቀመጥ ነውር ነው። አንደኛው ሽማግሌ ተነሳ። ሁለተኛው ተከተለ። ሁሉም ቆሙ። ያ ጉልበት፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ፀሐይ! መጀመሪያ የወደቀው ታናሽየው ባየ ነው፤ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። አስናቀ ትንሽ ቆየና «እንደ ቃልዎ፤ ብቻ ይቀመጡልን» አለ። ወንድማማቾቹ ተሳሳሙ። ተዝካሩ አንድ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ።

የወንዝ ዳሯ ቁራሽ ግን ቀረች። ስሟ ሲነሳ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። አስናቀ ጋቢውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ አነጠፈና «በሉ ይቀመጡ፣ እሷንም ተቀምጠው ይፍረዱን» አለ።

አሁን ማምለጫ የለም። ከእርቅ በኋላ አለመቀመጥ እርቁን መናቅ ነው። አያ ደመላሽ ወደ እኔ አንድ ጊዜ አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ወዳጃቸውን አስታውሰው ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ በሹክሹክታ።

አስናቀ ይህን ሲያይ «ባየ ይውሰዳት» አለ።

«አልወስድም! አንተ ታላቅ ነህ።»

«ውሰድ አልኩህ!»

«አልወስድም አልኩህ እኮ!»

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። አሁን ደግሞ በመስጠት ሊጣሉ ነው። «ይፍረዱና ይገላግሉን፣ አያ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«አብራችሁ እረሷት» አሉ አያ ደመላሽ ጥርሳቸውን ነክሰው። «አሁን አንሱኝ።»

ወንድማማቾቹ ግራና ቀኝ ገብተው፣ አንድ ላይ፣ አነሷቸው።

«አየህ፣ ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው» አለኝ አጠገቤ የነበረ ሰው ዓይኑን እየጠረገ። «ቃል አያበዛም።» ከዚያ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ በነጠላው ጫፍ አራገፈልኝ። «አንተም ቆመህ ቀረህ እኮ፤ አረፍ በል እንጂ።»

«ደህና ነኝ» አልኩት።