የመጀመሪያው ሚክስቴፕ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደ ወረደ የሚናገር ዜና

የሁሉን ድምፅ ሰምቶ በማይሰለች አምላክ ስም እንጀምራለን። ላፕቶፑ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደሴ በገባ በአራተኛው ዓመት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ ኅዳር በ፲ወ፩ኛው ቀን፥ በዕለተ ሐሙስ፥ የሰኞ ገበያው ፀሐይ፥ የሽቦና የስፒከር ጌታ፥ ከበሮ ሳይነኩ የሚደልቁ፥ ዋሽንት ሳይዙ የሚነፉ፥ ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት የሆነ ተውፊቅ ኑርሁሴን «ቁልቁለት» የተባለውን የመጀመሪያ ሚክስቴፓቸውን በፍላሽ ጨብጠው ወደ ኮምቦልቻ ዘመቱ። ይህን የምጽፍ እኔ መሪጌታ ትንሳኤ ነኝ፤ ከእሳቸው ጋር ግድግዳ እጋራለሁ። ዱም ዱሙን አራት ዓመት ሰምቻለሁና ምስክርነቴን ማንም አይጠራጠር።

የዘመቻው ምክንያት ሽንኩርት ነው። አባታቸው አቶ ኑርሁሴን፥ የሰኞ ገበያ ሽንኩርት ነጋዴዎች አውራ፥ ልጃቸው ድምፅ የሚያበስሉባትን የጓሮ ክፍል ለመጋዘን ፈለጓት፤ ሽንኩርቱም አርባ ጆንያ ሆኖ ከቆቦ እየገሠገሠ ነበርና፥ በግቢው መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ልጄ ተውፊቅ! ጎረቤት ታገሠን፥ እኔም ታገሥኩ፤ አሁን ግን ወላሂ አልቋል። ከቤታችን ያልሆነ፥ ጓደኛህም ያልሆነ፥ አንድ አዋቂ ሰው ይህን ነገርህን ወዶና ፈቅዶ ከቢስሚላው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ይስማልህ፤ ክፍሉ ያንተ ነው። አለዚያ ነገ ከጁምዓ በኋላ ሽንኩርቱ ይገባል፤ አንተም ከኔ ጋር ሚዛን ትይዛለህ። ዊዳድ ትመስክር!»

ዊዳድ የጀግናው ታናሽ እህት ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፥ ለወንድሟም ቢሆን ግማሽ ነጥብ የማታዳላ። እኔም የአራት ዓመት መስማቴን አቀረብሁ፤ ነገር ግን ወድጄ ስላልነበረ አልተቆጠረም። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከሽንኩርቱ ጋር ነበር።

ስለ «ቁልቁለት» አሠራርም እንናገር። ጀግናው ስድስት ቀን ኮምቦልቻ ወርደው፥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጥር ሥር ቆመው፥ ስልካቸውን በዱላ ጫፍ አሥረው ወደ መስኮቱ ዘርግተው፥ ሁለት ጊዜ በዘበኛ ተባረው ሦስተኛ ተመልሰው፥ የሽመና ማሽኖቹን ጩኸት ማርከው አመጡ። በዚያ ላይ የሰኞ ገበያን ወፍጮና የገራዶን የአህያ ኮቴ ጨመሩበት፤ ቆረጡት፥ ቀጠሉት፥ ከሥሩም ደረት የሚነቀንቅ ባስ አነጠፉለት። ርዝመቱ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው። ከደሴ መናኸሪያ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ለመድረስም ያንኑ ያህል ይፈጃልና፥ ከሚሄድ መኪና ሰሚ አይሸሽም ብለው መከሩ።

ሠራዊቱም ይህ ነው። በመሪው ላይ ጀላል፥ የቁልቁለት ፈረሰኛ፥ የሚኒባሱ ሹፌር። በበሩ ላይ ረዳቱ ቡዜ፥ ጉሮሮው ጡሩንባ የሚያሳፍር። በጋቢና ጀግናው። ከኋላቸው ዊዳድ ከነደብተሯ፤ ለእህታቸው ቤት የግድግዳ ሰዓት የታቀፉ ወይዘሮ ሥርጉት፤ ለተዝካር የምወርድ እኔ። በመጨረሻው ወንበር፥ ከትልቁ ስፒከር በላይ፥ ጆሯቸው ከበድ ያለ ሽማግሌ፥ አቶ ዳምጤ። የሌሎቹን ስም አልጠየቅሁም፤ ሦስቱ ገና ሳንነሣ ተኝተው ነበር።

ጀግናው ፍላሹን ወደ ማጫወቻው ባስጠጉ ጊዜ ጀላል አወጀ፦ «ሰካው ወንድሜ፥ የኔ ፍላሽ ትናንት ሞታለች። ካስጠላኝ ግን እነቅለዋለሁ፤ በኋላ እንዳትቀየመኝ!»

ወእምዝ «ቁልቁለት» ተከፈተ። ወይዘሮ ሥርጉት ሰዓታቸው የተሰበረ መስሏቸው ጆሯቸውን አስጠጉበት። ከተኙት አንዱ ነቃና ተመልሶ ተኛ። ነገር ግን ከሐረጎ ጠመዝማዛ ስንደርስ፥ የሽመና ማሽኖቹ ተራ መጥቶ ቋ፥ ቋ፥ ገጭ የሚል ድምፅ ከመኪናው ሆድ ሲወጣ፥ የጀላል ፊት ተለወጠ፤ መኪናውን ከዳር አቁሞም እንዲህ አወጀ፦

«ውረዱ ጎበዝ! ጎማው ሊወልቅ ነው! ቡዜ፥ ድንጋይ አግባበት!»

ሞተሩን ቢያጠፋ ድምፁ ጠፋ፤ ቢያስነሣ «ቁልቁለት» ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ተነሣ፥ ከደቂቃዎች በኋላም ያው ገጭ ተመልሶ መጣ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይጠይቃል? ቡዜ ከመኪናው ሥር ገባ፤ ተሳፋሪው ግማሹ ኩሽኔታው ነው፥ ግማሹ ፍሬኑ ነው እያለ ተከፈለ፤ እኔ ከኩሽኔታው ወገን ነበርሁ። ጀግናውስ? እውነቱን ቢናገሩ ፍላሹ ይነቀላል፤ ዝም ቢሉ ሌላ መኪና ሊጠራ ነው። ስለዚህ ታላላቆች በጭንቅ ቀን እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አሠሩ።

ያልወረዱ አቶ ዳምጤ ብቻ ነበሩ፤ አዋጁን አልሰሙም፥ ሰው ሲወርድም ለሽንት መስሏቸዋል። በቆመው መኪና ውስጥ ያ ገጭ ዳግመኛ ሲመጣ ግን መዳፋቸውን በሚነዝረው ወንበር ላይ አኖሩ፤ ፊታቸው በራ፤ በመስኮትም ብቅ ብለው፥ ጆሮው የከበደ ሰው እንደሚናገር፥ ገደሉ እስኪያስተጋባ አወጁ፦

«ተዉት መኪናውን! መኪናው ደኅና ነው! ይኼ የኛ የሽመና ክፍል ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ጠግኛቸዋለሁ! ያቺ የምታነክሰው አራተኛዋ ናት፥ ግራ ጎኗን ያማታል፤ እስካሁን አልሠሯትም እንዴ?»

ጀግናውም ክሩን ትተው ተነሡ፤ አንገታቸውን ደፍተው የእጃቸው ሥራ እንደ ሆነ አመኑ። ጀላል ተናዶ ፍላሹን ሊነቅል እጁን ሰደደ፤ ወይዘሮ ሥርጉት ግን ሰዓታቸውን እንደ ጋሻ ይዘው፦ «ኧረ በሞቴ ተው! ሰውዬው ይስሙበት!» ብለው አወጁ፤ እጁም ተመለሰ። ዳግም ተሳፍረን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን።

«ቁልቁለት» በሐረጎ እንደገና ከመጀመሪያው በመነሣቱ፥ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንደርስ፥ በወይዘሮ ሥርጉት ሰዓት፥ ለ«ቁልቁለት» አሥራ ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሰው ሁሉ ወረደ። ጀላል ሞተሩን ሳያጠፋ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ቡዜም በባዶው መኪና በር ላይ ቆሞ «ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ አወጀ፤ አዲሶቹም አምነው ገቡ። አቶ ዳምጤ ግን አልተነሡም። «አባባ፥ ደርሰናል! ውረዱ!» ሲል ሦስት ጊዜ አወጀባቸው፤ አልተነቃነቁም።

እዚህ ላይ ዊዳድ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ነገሩ ከባድ ነውና። ሽማግሌው ወደው ተቀምጠው ነውን? ወይስ መድረሳቸውን አልሰሙም? አልሰሙ እንደ ሆነ ድሉ የሽንኩርቱ ነው። ጀግናው በበሩ አጠገብ ቆመው ላብ አጠመቃቸው፤ ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ መሰሉ፥ እኔም አዘንሁላቸው። ወይዘሮ ሥርጉት እህታቸውን እያስጠበቁ ሰዓታቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ። እኔም ተዝካሩ እያመለጠኝ ቆምሁ።

በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ፍጻሜ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ በመጨረሻም ያቺ የምታነክሰው ሁለት ጊዜ ገጭ ገጭ ብላ ቆመች። ያን ጊዜ አቶ ዳምጤ መዳፋቸውን ከወንበሩ አንሥተው፥ ኮታቸውን አራግፈው፥ እንዲህ አወጁ፦

«ምሳ ሆነ! ሁልጊዜ መጨረሻ የምትቆመው እሷ ነበረች፤ እኔም እሷ ሳትቆም ምሳ አልሄድም ነበር። አንተ ልጅ፥ መድረሳችንንማ አይቼ ነበር፤ ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ ምን ሆነ?»

ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። ዊዳድ ቃላቸውን ጻፈች፥ አስፈረመቻቸውም።

በማግሥቱ ከጁምዓ በኋላ አቶ ኑርሁሴን ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ በወንበር የገባ ድምፅ ተሰማ ይባላልን ብለው ከሰፈሩ ሽማግሎች ጋር መከሩ፤ ከዚያም አርባው ጆንያ ከደጅ ቆሞ ሳለ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «የሰማ ሰምቷል! ክፍሉ የተውፊቅ ነው። ሽንኩርቱ መሪጌታ ቤት ይግባ፤ ጎረቤት ለመቼ ነው!»

ሽንኩርቱም በጋራ ግድግዳችን ተደረደረ፤ ዱም ዱሙም ከጆንያው በስተጀርባ ታፈነ። አራት ዓመት የለመንሁት ጸጥታ መጣልኝ።

ተውፊቅ ሆይ፥ ሰላም ለእጆችዎ፥ ጩኸትን እንደ ጥጥ ለፈተሉ። ሰላም ለስልክዎ፥ በዱላ ላይ ሆኖ ዘበኛ ላልፈራ። ሰላም ለጫማዎ ክር፥ በሐረጎ ለታሠረ። አርባ ጆንያ ሠራዊት ያለ ጦር የመለሱ፥ የሽማግሌን የምሳ ሰዓት ከዘመናት ጠርተው ያመጡ፥ ስምዎ ከገራዶ እስከ ኮምቦልቻ ይጠራ።

እኔም ሐሙስ ሐሙስ፥ ከግድግዳው ወዲያ «ቁልቁለት» ሲከፈት፥ ከአርባው ጆንያ አንዱን ከግድግዳው ፈቀቅ አደርጋለሁ፤ ያቺ የምታነክሰው እስክትቆም ብቻ ነው። ይህን ለዊዳድ የነገረ ውጉዝ ይሁን፤ ትጽፈዋለችና።